ቴፑን የምታቆመዋ ልጅ

እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ። ጀርባው ላይ በእጅ ጽሑፏ «7ኛ ዓመት ልደት፣ 1992 ዓ.ም.» ይላል። ማጫወቻው ከተበላሸ ብዙ ዓመት ስለሆነው ማንም አያየውም ነበር። ባለፈው ክረምት ወደ ፍላሽ አስገልብጬ አየሁት። አርባ ደቂቃ ነው። አብዛኛው እናንተም ከየቤታችሁ የምታውቁት ዓይነት ነው፦ ከጣሪያው ጥግ እስከ ጥግ የተጠላለፈ ባለቀለም ወረቀት፣ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ ኬክና ድፎ ዳቦ፣ በሳህን የተከመረ ፋንዲሻ፣ በጠርሙስ ሚሪንዳ፣ ካሜራው ሲዞርባቸው በነጠላቸው ፊታቸውን የሚሸፍኑ አክስቶች። ከዚያ የወንበር ጨዋታው ይመጣል።

አሥራ ሁለት ልጆች፣ አሥራ አንድ ወንበር። ቴፑ ሲዘፍን እንዞራለን፣ ቴፑ ሲቆም እንሻማለን። ወንበር ያጣ ይወጣል። እኔ ከዙር ዙር እየተረፍኩ መጨረሻ ላይ አሸንፋለሁ፤ ምርጫ እንዳሸነፈ ሰው ሁለት እጄን ወደ ላይ አነሣለሁ። ልክ በዚያች ቅጽበት፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል፣ በምስሉ ግራ ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን እጅ ይታያል። ቴፕ ሪከርደሩ ላይ ነው የተቀመጠው። አንዱ ጣት ማቆሚያውን ተጭኖታል።

ያ እጅ ቤታችን ትሠራ የነበረች ልጅ እጅ ነው። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። «ስሜን ጋዜጣ ላይ እንዳታወጪው» ስላለችኝ አልጽፈውም። ከአርባው ደቂቃ ውስጥ የሷ ድርሻ ያቺ ሦስት ሰከንድ ብቻ ናት። ሚሪንዳውን የከፈተችው እሷ ናት፣ ፋንዲሻውን የቆላችው እሷ ናት፣ ወረቀቱን ከእናቴ ጋር ወንበር ላይ ቆማ የሰቀለችው እሷ ናት። ልደቱ ውስጥ ግን የለችም። በዚያን ጊዜ ይሄ ለማናችንም ነገር አልነበረም።

ካሴቱን ያስፈለገኝ በእህቴ ልጅ ምክንያት ነው። ታኅሣሥ ላይ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል እህቴ በቴሌግራም የዲኮር ሰዎች ዋጋ ዝርዝር ላከችልኝ። የኤልሳ ዲኮር፣ የፊኛ ቅስት፣ ፊት የሚቀባ ሰው፣ በአየር የሚነፋ መዝለያ፣ ልብስ ለብሶ የሚመጣ «ገፀ ባሕርይ»። ጠቅላላ ዋጋው የእኔ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። «ጨዋታውን ለኔ ተዪልኝ፤ እኔ አዘጋጃለሁ» አልኳት። አፌ ነው ያመጣብኝ። ከዚያ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ሁለት ነገር ገባኝ። አንደኛ፣ ልደት የሚባለው ድግስ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሁለተኛ፣ የማውቃቸውን ጨዋታዎች በሙሉ ያስተማረችኝ ያቺ ባለ ቀጭን እጇ ልጅ ናት።

መጀመሪያ አያቴን ጠየቅኳት። «እማማ፣ ልጅ እያለሽ ልደት ታከብሩ ነበር?» አልኳት። «እንዴታ!» አለችኝና ስለ ገና ማውራት ጀመረች። ለሷ ልደት ማለት የጌታ ልደት ነው። ሌላ ልደት ካለም ግንቦት 1 የሚውለው የእመቤታችን ነው፤ ልደታ። የሷ ትዝታ ደግሞ የሚያስቀና ነው፦ ጎረቤት ተጠራርቶ ከቤት ውጭ፣ ዛፍ ሥር ወይም ደጅ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ልጁ ሁሉ በእጁ ንፍሮ ዘግኖ እየሮጠ። «ያንቺስ የራስሽ?» ስላት ሣቀችብኝ። እሷ የምታውቀው ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በጽጌ ወቅት መወለዷን ነው። ቀኑን ማን ይዞት።

ይሄ የሷ ብቻ አይደለም። በአያቶቻችን ዘመን የሚቆጠረው የልደት ቀን ሳይሆን የክርስትና ቀን ነበር። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ ድግሱም ያኔ ይደገሳል፤ የሚበላው ግን ትልቅ ሰው ነው፤ የድግሱ ባለቤት ጡት ይዞ ተኝቷል። የትልቅ ሰው ልደት አገር አውቆት በአደባባይ የሚከበረው የአንድ ሰው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል፦ ሐምሌ 16፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። የልደት የምስክር ወረቀት በአገር አቀፍ ደረጃ በመደበኛነት መመዝገብ የጀመረው እኮ በቅርቡ ነው፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ወጣ፣ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ለብዙ ሰው የልደት ቀን ማለት መታወቂያ ሲወጣ ጸሐፊው «መቼ ተወለድክ?» ብሎ ሲጠይቅ በዚያው የሚወለድ ቀን ነበር።

ታዲያ ኬኩና ሻማው? እሱ የጀርመን ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖች ኪንደርፌስት የሚሉት የልጆች የልደት በዓል ነበራቸው። ጠዋት ኬክ ይቀርባል፣ ላዩ ላይ በልጁ ዕድሜ ልክ ሻማ ይበራል፤ አንድ ተጨማሪ ሻማም ለሚመጣው ሕይወቱ ይጨመራል። ከዚሁ አገር በጽሑፍ የቀረ የታወቀ ምስክርነትም አለ። በ1746 እ.ኤ.አ. ኒኮላውስ ዚንዜንዶርፍ የሚባል መስፍን ልደቱን ሲያከብር፣ ምድጃ የቻለውን ያህል ትልቅ ኬክ ተጋግሮ፣ በዕድሜው ቁጥር ልክ ቀዳዳ ተበጅቶለት፣ በየቀዳዳው ሻማ ተተክሎ፣ አንድ ደግሞ መሐሉ ላይ መቆሙን ያየ ሰው ጽፏል። ዚንዜንዶርፍ ያኔ ከአርባ ዓመት በላይ ነበር። እንግዲህ ሻማ ስትተክሉ የልጅ ነገር እንዳይመስላችሁ።

እኔን የበለጠ የገረመኝ ግን ሌላ ጀርመናዊ ነው፦ ፍሪድሪሽ ፍሮቤል። በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ተቋም ከፈተ፤ በ1840 ደግሞ ስም አወጣለት፦ ኪንደርጋርተን፣ የልጆች የአትክልት ቦታ። እኛ «ኬጂ» የምንለው የመጀመሪያ ፊደል ይኸው ነው። የፍሮቤል ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ልጅ የሚማረው በእጁ ነው። ለስላሳ የሱፍ ኳሶች፣ የእንጨት ኳስ፣ ሲሊንደርና ኩብ አዘጋጀ፤ «ስጦታዎች» አላቸው። ወረቀት ማጠፍ፣ በወረቀት መሸመን፣ ወረቀት መብሳት፣ ጭቃ ማድቦልቦል ደግሞ ሥራዎቹ ነበሩ። ዛሬ የልደት አዘጋጆች «የዕደ ጥበብ ጥግ» ብለው የሚያስከፍሉበት ነገር ሁሉ እዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። የፕሩሲያ መንግሥት በ1851 ኪንደርጋርተንን ከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1860 ነው። ፍሮቤል ራሱ በ1852 ስለሞተ መነሣቱን አላየም። ጭቃ የሚያድቦለብሉ ሕፃናትን የሚፈራ መንግሥት! እናቴ እንኳን ይህን ያህል አትፈራም፤ የምትፈራው ለምንጣፏ ነው።

የልደት መዝሙሩም ከዚሁ ቤት ነው የወጣው። አሜሪካ ውስጥ፣ ሉዊቪል ኬንታኪ፣ ፓቲ ሂል የምትባል የኪንደርጋርተን መምህርትና እህቷ ሚልድረድ በ1893 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች የማለዳ ሰላምታ እንዲሆን ያሳተሙት ዜማ ነው። የልደቱ ቃል የተገጠመለት በኋላ ነው። ከዚያ ዜማው የኩባንያ ንብረት ሆነ፤ ፊልም ሠሪዎች ለመጠቀም ሲከፍሉበት ኖሩ፤ በ2015 አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት የኩባንያው የባለቤትነት ጥያቄ እንደማይጸና ወሰነ። ፓቲ ሂል ለልጆች ትልልቅ የእንጨት ብሎኮች በማሠራትም ትታወቃለች፤ ልጆች ገብተው የሚጫወቱበት ቤት የሚያህል ነገር እንዲገነቡ። የእጅ ነገር የገባት ሴት ነበረች።

ፊኛውን ባጭሩ ልለፈው። የጎማ ፊኛን በ1824 እ.ኤ.አ. ለጋዝ ሙከራ ብሎ የሠራው ማይክል ፋራዴይ ነው፣ ያው የኤሌክትሪኩ። የፊልም ገፀ ባሕርይ ሳህንና ኩባያ ላይ መውጣት የተለመደው ደግሞ በ1930ዎቹ፣ ከሚኪ ማውስ ጋር ነው። ኤልሳ የመጣችው በ2013ቱ ፍሮዝን ነው። ስለዚህ የእህቴ የዋጋ ዝርዝር የዘጠና ዓመት ታሪክ አለው ማለት ነው፤ ሲቀንስ ግን አላየሁም።

የወንበር ጨዋታው ግን አያልፍም። ጀርመኖች ይህን ጨዋታ «ወደ ኢየሩሳሌም ጉዞ» ነው የሚሉት። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሣቅሁ። የእኛ ሰው ስንት ዘመን በእግሩ፣ በረሃ አቋርጦ፣ ስንቅ ቋጥሮ የሄደባት ኢየሩሳሌም የወንበር ሽሚያ ስም ሆና! ጨዋታው ጭካኔ አለው። በየዙሩ አንድ ወንበር ይነሣል፣ በየዙሩ አንድ ልጅ ይባረራል። የሚባረረው ደግሞ መጀመሪያ ዓይነ አፋሩ፣ ትንሹ፣ ዘግይቶ የገባው ነው። ቪዲዮው ላይ መጀመሪያ የወጣው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ጫማው የወንድሙ ነበር፣ ሰፍቶት ነው የወደቀው። የቀረውን ጊዜ ግድግዳ ተደግፎ ፋንዲሻ ሲበላ ይታያል። አሸናፊ ለማግኘት አሥራ አንድ ልጅ ሥራ ፈቶ ይቆማል። ድግስ አዘጋጅ ነኝ የሚል ሰው ይህን ስሌት አስልቶት ያውቃል?

እሷ ያስተማረችኝን ሳስታውስ፣ እንዲህ ያለ ማባረር የለበትም። የመጣችው ከመንዝ ነው። ማታ ማታ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ዱካ ላይ እቀመጥና እንቆቅልሽ እንጫወታለን። መቼስ ታውቁታላችሁ፤ ካላወቃችሁ ደግሞ ጥፋቱ የኛ የታላላቆቻችሁ ነው። ጠያቂዋ «እንቆቅልሽ» ትላለች፣ ተጠያቂዋ «ምን አውቅልሽ» ትላለች። መልሱ ከጠፋ «አገር ስጪኝ» ይመጣል። ተሸናፊዋ ከተማ ትሰጣለች፤ ጠያቂዋ ካልወደደችው ሌላ ታስጨምራለች፤ ከወደደችው እዚያ አገር ሄጄ ይህን በላሁ፣ ያንን ጠጣሁ፣ ላንቺ ግን ይህን ብቻ አመጣሁ እያለች ታበሽቃለች፤ ከዚያ መልሱን ትነግራለች። ከዚያስ? ከዚያ ተሸናፊዋ እዚያው ናት። ተራዋ ደርሶ ትጠይቃለች። እኔ በስድስት ዓመቴ ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጅማን፣ ምጽዋን ሳይቀር አስረክቤ በማግስቱ ሁሉንም መልሼ አግኝቻለሁ። በመሀረብ ጨዋታም እንደዚያው ነው፤ የተያዘው ተነሥቶ ዟሪ ይሆናል። በድብብቆሽም የተገኘው ፈላጊ ይሆናል። መሸነፍ ማለት ሥራ መቀየር እንጂ ከቤት መውጣት አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያስቀናኝ ግን ቡሄ ነው። ስለ ልጆች ድግስ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከኪንደርፌስት ይልቅ ከዚህ ቢጀምር ይሻለው ነበር። ነሐሴ 13 ነው በዓሉ፤ የልጆቹ ዝግጅት ግን ቀደም ብሎ ይጀምራል። ጅራፍ ይገመዳል። ከቃጫ ነው፣ ከላጥ ነው፣ እንደ አገሩ። መግመዱ ራሱ ሙያ ነው፤ ጫፉ ካልቀጠነ አይጮኽም። ሙልሙሉን እናቶች ይጋግራሉ፣ ችቦውን ታላላቆች ያስራሉ፤ የቀረውን ሁሉ የሚያደራጁት ልጆች ናቸው። አውራጅ ይመረጣል፤ የሚመረጠው ድምፁ የሚሰማ፣ ግጥም የማያልቅበት ነው። ተቀባዮቹ ዱላቸውን እኩል መሬት እንዲመቱ ይለማመዳሉ። ሙልሙል ያዥ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ገንዘብ ያዡ ላይ የሚደረገው ክርክር የምክር ቤት ክርክር ያህል ነው፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ብር ጠፍቷላ! የትኛው ቤት መጀመሪያ ይኬዳል፣ የትኛው ቤት ውሻ አለ፣ የትኛዋ ሴትዮ ብዙ ታስጨፍርና ትንሽ ትሰጣለች፣ ይህ ሁሉ ይታወቃል። የቤቱ ባለቤት ካልወጣ እስኪወጣ ይጨፈራል፤ ሲሰጥ ይመረቃል። ለእንቁጣጣሽ ደግሞ የሴቶቹ ተራ ነው፤ አበባዬሆሽ ይዘው ይወጣሉ። በእኛ ሰፈር ወንዶቹም ለዚያ ቀን ብለው ፀሐይ፣ መልአክ፣ አበባ በከለር ሥለው በየቤቱ ያድላሉ። ወረቀቱን ሲሥሉ ጠረጴዛው የመኝታ ቤት ወለል ነው፤ ከለሩ የሚያልቀው ሁልጊዜ ቢጫው ነው።

ልብ በሉ፤ እዚህ ውስጥ አዘጋጁ ልጁ ነው። በልደት ድግስ ግን አዘጋጁ አዋቂ ነው፤ ልጁ እንግዳ ነው፣ በራሱ ቀን እንኳ። በቡሄ ልጅ ወጥቶ የሁሉንም በር ያንኳኳል። በልደት በሩ አንድ ነው፣ በሩ ላይም ዝርዝር አለ። ገና ራሱ በድሮው አጨዋወት ደረጃ ይሰብር ነበር። የቆለመመ ዱላና ከእንጨት የተሠራ ሩር ይዘው ሜዳ ሲወጡ ጌታና ሎሌ አንድ ላይ ይጫወታሉ፤ በዚያ ቀን ጌታው ቢመታም እንዳይቆጣ የታወቀ ደንብ ነው። ለአንድ ቀን ብቻ መሆኑን አውቃለሁ። በማግስቱ ሎሌው ሎሌ ነው። ይሁንና አንድ ቀን ዜሮ አይደለም።

አንድ ሰው ግን ሁለቱን ዓለም ያገናኘ ይመስለኛል፤ አባባ ተስፋዬ። ተስፋዬ ሣህሉ ከቴአትር ቤት የመጡ ሰው ናቸው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 1957 ላይ ሥራ ሲጀምር የልጆችን ዝግጅት ይዘው ገቡና ከአርባ ዓመት በላይ ቆዩ። እኛ ልጅ ሆነን ስናያቸው ስቱዲዮው በልጆች ይሞላል፤ ልጆቹ ስማቸውን፣ ትምህርት ቤታቸውን፣ ሲያድጉ መሆን የሚፈልጉትን ይናገራሉ (ግማሹ ዶክተር፣ ግማሹ ፓይለት፤ ማን በታመመ፣ ማን በተሳፈረ!)። እሳቸው ተረት ሲያወሩ ጅቡም፣ አህያዋም፣ ጦጣዋም በአንድ አፍ ይናገራሉ። ዲኮር የለም። ከጎን አሻንጉሊት ካለም ትንሽ ነው። በቴሌቪዥን የመጣ ተረት ግን ያው የምድጃ ዳሩ ተረት ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ሲያርፉ ጢም ያበቀሉ ሰዎች እንደ ልጅ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። በእኔ የልደት ቪዲዮ ላይ አጎቴ እሳቸውን መስሎ ሊያወራ ይሞክራል፤ አልተሳካለትም፤ ጅቡና አህያዋ አንድ ድምፅ ነው ያላቸው።

ለማንኛውም ወደ ታኅሣሥ ልመለስ። ቅልብልቦሽ በስንት ጠጠር እንደሚጀመርና ሁለተኛው ዙር እንዴት እንደሆነ ጠፍቶብኝ ነበር። ስልኳን ከእናቴ ወሰድኩና ደወልኩላት። አሁን ደብረ ብርሃን ነው የምትኖረው፣ ሦስት ልጆች አሏት። ድምፄን ስትሰማ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እትዬ ደህና ናቸው?» ነው። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ እናቴ ለሷ እትዬ ናት። የጠጠሩን ነገር አስረዳችኝ፤ አምስት ናቸው፣ አንዱ ወደ ላይ ሲወረወር ሌላው ከመሬት ይነሣል፣ ከዚያ ሁለት ሁለት፣ ከዚያ ሦስት። በስልክ አልገባ ሲለኝ «ኧረ አንቺ! እጅሽ ያውቀዋል፣ ዝም ብለሽ ጀምሪው» አለችኝ። ስለ ልጆቿ ስጠይቃት ትንሹን በወረዳ አስመዝግባ የልደት ካርድ እንዳወጣችለት ነገረችኝ። «ያንቺስ ልደት መቼ ነው?» አልኳት። ለካ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም። «መታወቂያዬ ላይ መስከረም 1 ይላል» አለችኝ። «ጸሐፊው ነው የሰጠኝ። ጥሩ ቀን ሰጠኝ ግን፣ አይደል?»

ከእህቴ ጋር ተደራደርን። ኤልሳ ኬኩ ላይ ትኑር፣ አንድ ትልቅ ፊኛም ትሁን፣ መዝለያው ይቅር። እኔ ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ለሥራ የተዘጋጀ ጭቃ አመጣሁ። ለአሥራ አራት ልጅ አንድ ማዳበሪያ ከበቂ በላይ ነው፤ ላስቲክ ከሥሩ ካልተነጠፈ ግን ከቤቱ ባለቤት ጋር ትጣላላችሁ። አንድ ነገር ከልምድ ልንገራችሁ፦ ጭቃው ከኬኩ በፊት ይሁን። ስኳር ከበሉ በኋላ ጭቃ የያዙ አሥራ አራት ልጆችን ማስቀመጥ የሚችል ሰው እስካሁን አልተወለደም። በሬ እንዴት እንደሚሠራ አሳየኋቸው፤ መጀመሪያ ሻኛው፣ ከዚያ ቀንዱ። እሷ ያሳየችኝ ነው። እረኛ ወንድሟ ሜዳ ላይ ሙሉ መንጋ ይሠራ ነበር አሉ፣ የራሱ ያልሆነውን መንጋ እየጠበቀ። ልጆቹ ሦስት በሬ፣ አራት መኪና፣ አንድ ኤልሳ፣ ምን እንደሆነ ያልታወቀ ብዙ ነገር ሠሩ። አንዷ ልጅ እጇ ሲቆሽሽ አለቀሰች። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ስትታጠብ ደግሞ ለምን ታጠብኩ ብላ አለቀሰች።

እንቆቅልሹ የጠበቅኩትን አልሆነም፤ ተሻለ። አገር መስጠት ምን እንደሆነ የሚያውቁት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። አንዱ «ዱባይ» ሰጠ፣ አንዷ «ዲዝኒላንድ» ሰጠች፣ የእህቴ ልጅ «ሳር ቤት» ሰጠች፤ ኬጂዋ እዚያ ነው፣ እንዲወሰድላት ትፈልጋለች። አንድ ልጅ ባሕር ዳርን ተጠየቀና «አይሆንም» ብሎ ድርቅ አለ። «አያቴ እዚያ ናት» አለ። ጨዋታው አሥር ደቂቃ ቆመ። መጨረሻ ላይ ከአያቱ ቤት በስተቀር ሌላውን ባሕር ዳር እንዲሰጥ ተስማማን።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልጻፍ። እህቴ ቤትም ልጅ አለች። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው ትላለች፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ልጆቹ ጠጠሩን ሲጥሉት ታያለች። «ነይ ግቢ፣ ተጫወቺ» አልኳት። «ሥራ አለብኝ» አለች። እህቴን አየኋት፤ እህቴ እኔን አየችኝ። ማንም ምንም አላለም። ከዚያ አንደኛው ልጅ ጠጠሩን ወርውሮ ሲስት «እንዲህ አይደለማ!» አለች፣ ሳታስበው። ትሪውን አስቀምጣ ቁጢጥ ብላ አንድ ዙር ተጫወተች። ከአንድ እስከ አራት ሳትስት ጨረሰችው፤ ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ብርጭቆ ልታጥብ ገባች። እኔ ተከትዬ ገብቼ አላጠብኩም። ፎቶ እያነሣሁ ነበር። ስለ ቡሄና ስለ ገና ይህን ሁሉ የጻፍኩት ሰው ማለት እኔ ነኝ።

ማታ የጭቃ በሬዎቹን ፎቶ ለዚያችኛዋ፣ ለደብረ ብርሃኗ፣ በቴሌግራም ላክሁላት። ወዲያው ደወለች። በሬዎቹ ሻኛቸው አንሷል አለች። ከቅልብልቦሹ እስከ ባሕር ዳሩ ሁሉንም አወራኋት። ሞቅ ሲለኝ የቪዲዮውን ነገር አነሣሁባት፤ እጇ እንደሚታይ፣ ቴፑን እኔ ወንበር አጠገብ ስደርስ እየጠበቀች ታቆምልኝ እንደነበረ አሁን ሳየው እንዳወቅኩ፣ ያኔ ምን ያህል ትወደኝ እንደነበረ እንደገባኝ። ዝም አለች። ከዚያ ሣቀች።

«እትዬ ናቸው እኮ ያዘዙኝ» አለች። «"ከተሸነፈች ታለቅሳለች፣ ሰው ሁሉ ይረበሻል፣ አንቺ ተጠንቀቂ" ብለውኛል። ላንቺ ብዬ መሰለሽ?»

«እና አንቺ ብትሆኚ ማንን ታሳልፊ ነበር?» አልኳት።

«ያንን የወንድሙን ጫማ ያደረገውን ልጅ» አለች። «መጀመሪያ ዙር ላይ ላቆይለት ነበር ያሰብኩት። እኔ ሳላቆመው ወደቀ።»